ለጎሹ ወንድሜ፣ ከወፏ ወገን

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤ ስትቀበል እንዳትደነግጥ፤ የሞተ ሰው የለም። ስልክ የማልደውለው ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ባለፈው ወር ደውዬ «የጋራዥህን ጣሪያ ነፋስ ገንጥሎታል፤ ላስጠግነው ወይ?» ብዬ ስጠይቅህ «እሺ፣ እሺ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ዘጋኸው። ማን እንደደወለ እንኳ አላወቅክም፤ ብታውቅማ አታናግረኝም ነበር። አንተ ደህና ከሆንክ እሰየው፣ ቆርቆሮው ግን ደህና አልነበረም። አስጠግኜዋለሁ። አሁን እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ነው የምጽፍልህ። ወረቀቱ ላይ የዘይት አሻራ ካየህ እለፈው።

ከሄድክ አሥር ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ማዶ ያለው በርህ ተዘግቶ ማየቱን ለመድኩት ብል ውሸት ነው። ጠዋት በሬን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ ዓይን ምን ይደረግ። ደንበኞችህ ይመጣሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው እኔን ያያሉ። «ወፍዬ፣ ጎሹ የት ሄደ?» ይሉኛል። ወንዱ ልጁ ጋ ሄዷል፣ ሌላ ከተማ ነው፣ ትንሽ ይረፍ እላለሁ። «እንግዲያው አንቺ እይልን» ሲሉኝ እንቢ እላለሁ። እኔ የወፍ መኪና እንጂ የጎሽ መኪና ኮፈን ከፍቼ አላውቅም። አሁን ብከፍት አንተን ከነሕይወትህ የቀበርኩህ ይመስለኛል።

ለመሆኑ ይሄ ነገራችን እንዴት እንደተጀመረ ታስታውሳለህ? እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ አንተ አሥራ አንድ። አባባ ያንን ትንሽ ራዲዮ የጎማ ክምር ላይ አስቀምጦ የመኪና ውድድር ያዳምጣል፤ እኛ ከሥሩ ቁጭ ብለን ብሎን በነዳጅ እናጥባለን። «ወፏ ታሸንፋለች» አልኩ። አንተ የመኪኖቹን ዓርማ እንኳ በቅጡ ሳትለይ «ጎሹ ነው የሚያሸንፈው» አልክ። አባባ «ለምን?» ቢልህ «እሷ ወፏን ስላለች» አልከው። ይኸው ነው እንግዲህ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ጎሽ ጉልበትና ስለ ጎሽ ብረት ስትሰብክ የኖርከው በዚያች ቀን እኔን ለማናደድ ብለህ ነው። መዓት አይመጣ ሲሉት ይመጣል፣ ጎሹም በዚያ ቀን አሸነፈ። ሁለት ቀን እራት አልበላሁም።

ፋብሪካዎቹስ ከእኛ በምን ይሻላሉ? የጎሽን ፋብሪካ ያቋቋመው ሰው መጀመሪያ የወፏ ፋብሪካ ፎርማን ነበር ይባላል። አለቃው «መኪና የሚፈጥነው ሲቀል ነው» ይላል፤ ፎርማኑ «የሚፈጥነውማ ሳይሰበር የደረሰው ነው» ይላል። በዚህ ተጣልተው ፎርማኑ ቱታውን አውልቆ ወጣና ከወንዙ ማዶ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ዋንጫ ሲያነሳ ሌላው እህል አይወርድለትም። መንገዱም ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ ባለታክሲው ወፍ ይነዳል፣ ዕቃ ጫኙ ጎሽ። የእናንተ ወገን «ወፍ ጠዋት ትበራለች፣ ከሰዓት ትጎተታለች» ይላል። የእኛ ደግሞ «ጎሽ ለመታጠፍ ማመልከቻ ያስገባል» እንላለን። ይቺን ቀልድ በሰማህ ቁጥር ሳቅህን ለማፈን ከንፈርህን ስትነክስ አይቼሃለሁ፤ አላየችኝም ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል።

ፉክክራችን ግን ደስ ይል ነበር። ከዓመታዊው ውድድር በኋላ ባለው ሰኞ የተሸነፈው መጥረጊያ ይዞ መንገዱን ይሻገርና የአሸናፊውን ደጅ ይጠርጋል። የሰፈሩ ሰው ሥራ ፈቶ ያየን ነበር። ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ አንተ ነህ የጠረግከው፤ ዘጠኙንም ጊዜ አቧራውን ሆን ብለህ ወደ በሬ ውስጥ ነው የገፋኸው።

አባባ ለሁለታችንም ያስተማረን አንድ ነገር ነው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ፤ ከዚያ ትንፋሽን ይዞ ማዳመጥ። «ሞተር አይዋሽም፤ የሚዋሸው ባለቤቱ ነው» ይል ነበር። ሁለታችንም ጆሮ ነበረን። እንዲያውም የአንተ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ይሄን አንድም ቀን ብዬህ አላውቅምና ዛሬ ተቀበለኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ደጄ ላይ ቆሜ ሻይ ስጠጣ፣ አንተ የዳቦ አከፋፋዩ ጎሽ ላይ አጎንብሰህ ነበር። እጀታውን ጆሮህ ላይ አደረግክ። ጠበቅክ። ወደ ሌላው ጆሮህ አዞርከው። ከዚያ ግራና ቀኝ አይተህ እጀታውን በጥርስህ ነከስክና ዓይንህን ጨፈንክ፤ ንዝረቱን በአጥንትህ ልትይዘው። ወንድሜ፣ ሻዩን መሬት አፈሰስኩት። ሮጬ መጥቼ ላቅፍህ ፈልጌ ነበር፤ ግን አንተን አላውቅህም እንዴ? አዘነችልኝ ብለህ ስድስት ወር ታኮርፋለህ። ደግሞ በዚህ ሰፈር ወሬ ከወፍም ከጎሽም ይፈጥናል። የማይሰማ መካኒክ ተብለህ አንድ ሳምንት አትቆይም ነበር።

ስለዚህ መንገዱን ተሻግሬ መጣሁና ሰደብኩህ። ከንፈሬን እንድታየው ፊት ለፊትህ ቆሜ፣ «ይሄ ጎሽህ ሁለተኛው ቫልቩ እንደ ባልቴት ጥርስ ሲንቀጫቀጭ እዚያ ማዶ ድረስ ይሰማኛል። ምን ዓይነት ቆሻሻ ብረት ነው» አልኩህ።

«አንቺ ወደ ወፍ ጎጆሽ ግቢ» አልከኝ።

በማግስቱ የሁለተኛው ቫልቭ ድምፅ ልክ ሆኖ ነበር።

እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሰድብህ ኖርኩ። «ጎሽህ አስም አለበት» ስልህ የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል ማለቴ ነው። «በግራ የኋላ እግሩ ያነክሳል» ስልህ የዚያ ጎማ ኩሽኔት አልቋል ማለቴ ነው። ሰፈሩ «እነዚህ እህትና ወንድም አንድ ቀን ይገዳደላሉ» ይል ነበር። የማዕዘኑ ፀጉር አስተካካይ ሊያስታርቀን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሰብስቧል፤ ሁለታችንም እሺ ብለን፣ ተጨባበጥን፤ በማግስቱ ስድቤን ቀጠልኩ።

መጀመሪያ አልገባውም ብዬ ነበር። ኋላ ግን ነቃሁብህ። እኔ በሬን ሳልከፍት አንተ ሞተር አታስነሳም። ደፉ ላይ መቆሜን ታይና ኮፈኑን ወደ እኔ አዙረህ ታስነሳለህ፤ ከዚያ የምትፈልገው ዕቃ እንዳለ ሁሉ ወዲያ ወዲህ ትላለህ። ጉንፋን ጥሎኝ አራት ቀን የተኛሁ ጊዜ፣ ደጅህ ላይ አምስት ጎሽ ተሰልፎ ለሁሉም «ዕቃ አልመጣልኝም» ስትል ሰነበትክ አሉ። ያልመጣው ዕቃ እኔ ነበርኩ። ሴቷ ልጅህ ሾርባ ይዛልኝ መጥታ ነው እየሳቀች የነገረችኝ፤ ትኩሳቱ ላይ ሆኜ እኔም ሳቅኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። መነጋገርም አላስፈለገንም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። እስካሁን የቀባጠርኩት ፈርቼ ነው።

የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ፣ እሑድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። እኔ የጥርስ ሐኪሙን ወፍ ይዣለሁ፤ አንተ ልጅህ የምትነዳውን ጎሽ። ሁለት ዓመት የለፋህበት መኪና ነበር፤ ሰው ሁሉ ዘንድሮ የጎሹ ነው ይል ነበር፣ እኔም ውስጤ ይሄንኑ ይል ነበር። ሞተሩን አስነሳህና ኮፈኑን ወደ እኛ ድንኳን አዞርከው። ከዚያ አየኸኝ። ቱታህን ታራግፋለህ፣ ጨርቅ ትፈልጋለህ፣ ቀና ትልና ታየኛለህ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ቆየህ። ነይ፣ ተሻገሪ፣ ስደቢኝ ማለትህ ነበር።

ሰምቼ ነበር፣ ወንድሜ። ይኸው ጻፍኩት። ከሥር፣ በጣም ከሥር፣ አንዲት ቀጭን ኳኳታ ነበረች፤ ከሦስተኛው ቢየላ፣ ከዚያ ፒስተኑን ከሚገፋው ክንድ። ለራሴ «ዘይቱ ስላልሞቀ ይሆናል» አልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ሞተር ሰምቼ ያልሞቀ ዘይትና የሚያልቅ ቢየላ አይለይልኝም? ይለይልኛል። አሥረኛው ዋንጫ እንዳያመልጠኝ ፈለግኩ፣ ይኸው ነው። ቢበዛ ሦስተኛው ዙር ላይ ጉልበት ያንሰውና ዳር ይዞ ይቆማል፣ እኛ እናልፋለን፣ ከዚያ ሰኞ ደጄን ሲጠርግ እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ጀርባዬን ሰጥቼህ የወፏን ጎማ ነፋስ መለካት ጀመርኩ። አንተ ደግሞ እኔ ዝም ካልኩ ጤና ነው ብለህ ኮፈኑን ዘጋህ። ልጅህን ግንባሯን ስመህ አስገባሃት።

ከዚያ መነሻው መስመር ላይ ቆሙ። ልጅህ ነዳጅ ስትረግጥ ያቺ ቀጭን ኳኳታ መዶሻ ሆነች። ሕዝቡ ጎሹ አገሳ ብሎ ይጮሃል፤ እኔ ብቻ ሌላ ነገር እሰማለሁ። ያ ቢየላ በሙሉ ፍጥነት ቢበጠስ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ይላል፣ ጎማው ይቆለፋል፣ መኪናው ይገለበጣል። ውስጡ ያለችው ደግሞ ጥርስ ስታወጣ ጣቴን የነከሰች ልጅ ናት። ሮጬ ገመዱን አልፌ፣ እጄን በመስኮት አስገብቼ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ነቅዬ መሬት ወረወርኩት።

የሆነውን ታውቀዋለህ። ዳኞቹ መነሻ ላይ የጠፋ መኪና ከውድድር ውጪ ነው አሉ፣ እኔን ከሜዳ አስወጡኝ፣ ወፏ ጥፋት የለባትም ተብላ ሮጠችና አሸነፈች።

«ለምን?» አልከኝ።

አፌን ከፈትኩ። ዙሪያችንን ደንበኞችህ ከበውናል። ሞተሩ ይንኳኳል ብዬ ብናገር «ታዲያ ጎሹ እንዴት ሳይሰማው?» የሚል አንድ አይጠፋም። ለአንተ ስል ዝም አልኩ። ለራሴ ስነግረው የኖርኩት እንዲህ ብዬ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን «መቼ ነው የሰማሽው?» ብለህ እንዳትጠይቀኝ ነበር።

ጠጋ ብለህ፣ ማንም ሳይሰማ፣ «በማልሰማው በኩል መጣሽብኝ» አልከኝ። ስለ ጆሮህ አንድ ቃል ከአፍህ ሲወጣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀጥለህ ጮክ ብለህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አልክ። ሁለተኛውን ንግግር ቻልኩት፤ ተናድደህ ያልከው ነው። የመጀመሪያው ግን እስከ ዛሬ እዚህ ደረቴ ላይ አለ፤ ምክንያቱም ባሰብከው መንገድ ባይሆንም ልክ ነበርክ። ሰኞ ጠዋት መጥረጊያ ይዤ ተሻግሬ ደጅህን ጠረግኩ። በርህ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንተ በሌሊቱ አውቶቡስ ሄደሃል። ደጁን ግን ጨርሼ ነው የተመለስኩት።

ባለፈው ሐሙስ ልጅህ ያንን ሞተር አውርዳ ፈታችው። የተበላውን የቢየላ ብሮንዝ፣ ያንን የክንዱን የውስጥ ሽፋን፣ በጨርቅ ጠቅልላ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። እንደ ብስኩት ተሰባብሯል።

«አክስቴ፣ ሞተሩን ያጠፋሽው ለዚህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ አሥር ወር ሙሉ ሰው ሲያማሽ ምን አፍሽን ለጎመው?»

«አባትሽን... እንዲያው ሰው ፊት...» ብዬ ተንተባተብኩ።

«የአባዬን ጆሮ እኔ የማላውቅ አታስመስዪ» አለችኝ። «ቤታችን ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ጎረቤት ዜና ይሰማል።»

አየህ፣ አንተ ከእኛ ደብቀህ፣ እኔ ከእሷ ደብቄ፣ እሷ ከሁለታችን ደብቃ ኖረናል። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «ነፍሴን አተረፍሽልኝ» አለችኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ጀግና ሆኜ እቀር ነበር፤ አልዋሽህም፣ አንድ አፍታ ያህል ዝም ብያለሁ። ከዚያ አልቻልኩም። ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሰማሁትን ነገርኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ብሮንዙን መልሳ ጠቀለለችና በሩ ጋ ስትደርስ «ይሄን መንገር ያለብሽ ለእኔ አይደለም» አለችኝ። በማግስቱ መጥታ ሰላም አለችኝ፤ እንደ ድሮው ግን ጉንጬን አልሳመችም። እጠብቃታለሁ።

ውድድሩን ለሚያዘጋጀው ኮሚቴም ሄጄ የራሴን ጥፋት ተናግሬያለሁ፤ ሰምቼ ዝም ማለቴን። ስለ አንተ ጆሮ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እሱን መናገርም አለመናገርም የአንተ ነው። ዘንድሮ ወደ ወፏ ድንኳን እንዳልደርስ ፈርደውብኛል፤ የጥርስ ሐኪሙም ሌላ መካኒክ ይዟል። የወፍ ነጂዎች በበሬ ሲያልፉ ጥሩምባ ይነፉልኝ የነበረውን ትተዋል፤ ትንሽ ከፍቶኛል፤ ይገባኛልም። ወደ ጎሽ ድንኳን እንዳልደርስ ግን የከለከለኝ የለም። ደንቡን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ውድድሩ የዛሬ ስድስት ሳምንት ነው። ልጅህ ሞተሩን በአዲስ ብሮንዝ እየገጠመችው ነው፤ እጇ ያንተ እጅ ነው፣ የምታጠብቀው ብሎን አይላላም። አባዬ ካልመረመረው ግን አልነዳም ብላለች። የጆሮ ሐኪም ጋም ቀጠሮ ይዛልሃለች፤ መሣሪያው ትንሽ ነው፣ ከጆሮ ኋላ ይቀመጣል፣ ፀጉር ይሸፍነዋል አለች። አንተ ፀጉር የለህም ብያት በስንት ጊዜዋ ሳቀች። ሂድና አስገጥመው። እንቢ ካልክም እንቢ በል፤ እኔ እንደሆንኩ ለመሳደብ አልሰነፍኩም።

በደልኩህ፣ ይቅር በለኝ። አርባ ሰባት ዓመት የአንተን ጎሽ ለማሸነፍ ያላደረግኩት ነገር የለም፤ ያን ቀን ያደረግኩት ግን ማሸነፍ አልነበረም። አምነኸኝ ነው ኮፈኑን ወደ እኔ ያዞርከው። አንተን የመሰለ ወንድም፣ ከዚያ ቀን በፊት ሰው ፊት አንዴም ያላዋረደኝ፣ እኔ ስሰድበው ከንፈሬን እያየ የሚስቅ ወንድም ከየት አገኛለሁ። ይቅር ለማለት ጊዜ የሚያስፈልግህ ከሆነ ውሰድ፣ ግን ጊዜህን እዚህ ሆነህ ውሰደው።

ና። አላናግርሽም ካልክ አታናግረኝ። በርህን ክፈት፣ ያገኘኸውን ሞተር አስነሳ፣ ከፈለግክ ቀና ብለህም አትየኝ። መንገዱን እኔ እሻገራለሁ።

ብትክደኝም እህትህ የሆንኩ፣
ወፍዬ